ከታፔላው ጀምሩ
በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ በኩል ግቢ ይዞ ሙዚቃን፣ ሽመናን፣ ሥዕልንና ውዝዋዜን አንድ ላይ ለሚያሠራ ፕሮጀክት አርማና ድረ ገጽ ሲታሰብ፣ ለአርማው መጀመሪያ የሚመጣው ክራር፣ ብሩሽና ጥለት መደራረብ ነው። ይቅርባችሁ። ክራሩን ያየ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው ይላል፤ ጥለቱን ያየ የሽሮ ሜዳ ሱቅ ይመስለዋል። ሙያዎቹን ሁሉ ሳያዳላ የሚሸከመው ስሙ ነው። ድካማችሁን በስሙ ፊደላት ላይ አውሉት።

ፊደሉ የሚፈተነው በር ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ለገባ ግቢ ታፔላው ከድረ ገጹ ያልተናነሰ ሥራ አለው። ፊደሉ ከላሜራ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ መ፣ ወ፣ ቀ እና ዐ ያስቸግራሉ፤ ዙሪያው የተዘጋው መሃላቸው አብሮ ይወድቅና መ ሁለት የተያያዙ ቀዳዳዎች ሆና ትቀራለች። በያጁ መቁረጥ ሳይጀምር ለእያንዳንዱ የተዘጋ ቦታ መሃሉን ከዙሪያው ብረት ጋር የሚይዙ ሁለት ማያያዣ ሣሉለት። አንድ ብቻ ከሆነ ብረቱ ይጣመማል። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ፊደል 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማያያዣ ይበቃል። እነዚህ ማያያዣዎች ከመጀመሪያው የአርማው አካል ቢሆኑ ታፔላውም ገጹም አንድ መልክ ይይዛሉ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው መፍትሔ ይህ ነው።

በብራውዘሩ ትር ላይ ለምትታየው ትንሽ ምልክት ግን ሙሉ ስሙን አትጨናንቁ። ሉ እና ሊ የሚለዩት ቅጥያዋ ከመሃል ወይም ከግርጌ በመውጣቷ ብቻ ስለሆነ በ16 ፒክስል አንድ ይሆናሉ። ቅርጹ ጎላ ያለ አንድ ፊደል ምረጡ።

ለጽሑፉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት ነጻ ነው፣ ይበቃልም። መደበኛውንና ደማቁን ሁለቱንም ጫኑ፤ የደማቁ ፋይል ከሌለ ብራውዘሩ መደበኛውን በግድ ያወፍረውና የፊደሉ ውስጥ ይደፈናል። የመስመር ርቀቱን የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ አድርጉት። አማርኛን አታዝምሙ (ኢታሊክ አታድርጉ)፤ የሥነ ጥበብ ሥራ ርእስ በትምህርተ ጥቅስ ይለይ።

የአካባቢው ሰው አፋን ኦሮሞ ይናገራልና የኦሮምኛው ገጽ ከአማርኛው እኩል ይቀመጥ። በቁቤ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ቃሉ ይረዝማል፤ የአዝራሩን ስፋት ከወሰናችሁት ቃሉ ይቆረጣል።

ብዙ ገጾች የሚሳሳቱት በዝግጅት ቀንና ሰዓት ላይ ነው። የገጹ ፕሮግራም የሚጻፍበት ጃቫስክሪፕት ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየር ይችላል፣ ሰዓቱን ግን አይነካውም። 15፡00ን እንዳለ ከተዋችሁት እንግዳው ግራ ይጋባል። 6 ቀንሱና «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀሪው ከ12 በላይ ከሆነ ከዚያ ላይ ደግሞ 12 ቀንሱ፦ 20፡00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አንድ ቦታ ብቻ መዝግባችሁ ሦስቱም ቋንቋዎች፣ እንግሊዝኛውም ጭምር፣ ከዚያ ይውሰዱ። ለየብቻ የተጻፈ ሰዓት አንዱ ሲቀየር ሌላው አሮጌ ሆኖ ይቀራል።

በፍለጋው ሳጥን «ሥዕል» የሚለውን «ስእል» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ከነእርባታቸው አምጡ፤ ይህም የተጠየቀውንም የተቀመጠውንም ቃል ይመለከታል። በገጹ ላይ የሚታየው አጻጻፍ አይነካ።

ወሬው የሚዛመተው በቴሌግራም ስለሆነ ለእያንዳንዱ ዝግጅት ሊንኩ ሲላክ አብሮ የሚታይ 1200 በ630 ፒክስል ምስል አዘጋጁ፤ ስሙና ቀኑ ጎልተው ይጻፉበት። ምስሉን በኋላ ብትቀይሩት ቴሌግራም የድሮውን ማሳየቱን ይቀጥላል። አዲሱን እንዲያነብ ሊንኩን እዚያው ቴሌግራም ላይ ላለው ዌብፔጅ ቦት (@WebpageBot) ላኩለት።