ጫጩቶቼ ሆዳሞች አልነበሩም

ጫጩቶቼ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ሲይዙ መኖው ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸገረኝ። «እነዚህስ ሆዳቸው አይሞላም» እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መመገቢያውን አነሳሁና ከስሩ ያለውን ጭድ በወንፊት ነፋሁት። ኩስ የነካውን ትቼ ንጹሑን ብቻ ሚዛን ላይ አደረግኩት። 400 ግራም ሆነ። በሦስት ቀን ውስጥ የሰጠኋቸው ጠቅላላ መኖ 1 ኪሎ ተኩል ነው። ከሩብ በላይ የሚሆነው የገባው ጭድ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በጣም አዘንኩ። ጫጩቶቹን ያለጥፋታቸው ሳማቸው ነው የከረምኩት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያ ሙከራዬ ከሱቅ በገዛሁት እንቁላል ነበር። ዶሮዋ 21 ቀን ሙሉ ታቅፋ አንድም ጫጩት አልወጣም። ጎረቤቴ እማማ ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ምነው ዶሮዋን አደከምሻት? አውራ ካለበት ቤት እንቁላል ፈልጊ እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሱቅ የሚመጣው አብዛኛው እንቁላል አውራ ዶሮ ከሌለበት እርባታ ነው። ቢታቀፉት ቢታቀፉት ጫጩት አይሆንም።

ሁለተኛውን ከእሳቸው ቤት ወሰድኩ፤ 24 እንቁላል። ከተጣለ ሳምንት ያልሞላውን፣ በጣም ያልተለቀውን በጣም ያላነሰውን መረጥኩ። የቆሸሸውን አጥቤ ልጠቀም ብዬ ነበር፤ እሳቸው ከለከሉኝ። ሲታጠብ ቅርፊቱ ላይ ያለው መከላከያ ይለቃል፣ ጀርም ይገባበታል። ሁለት የሐበሻ ዶሮዎች ለመታቀፍ ተዘጋጅተው ስለነበር በአንድ ሌሊት አስታቀፍኳቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 12። በጨለማ ሲደረግ ዶሮዋ ሳትረበሽ ትቀበላለች። ጥሬና ውሃ ከአጠገባቸው አስቀመጥኩ፤ በቀን አንዴ ተነስተው በልተው፣ ኩሳቸውን ጥለው ይመለሳሉ።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልኬ ባትሪ አየኋቸው። የሚያድገው ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀያይ ደም ስሮች ይታያሉ፣ መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። አራቱ ጥርት ብለው ባዶ ነበሩ፤ አወጣኋቸው። ከ18ኛው ቀን በኋላ አልነካኋቸውም። በ20ኛው ቀን ማታ ጆሮዬን ወደ አንዱ ሳስጠጋ ከውስጥ «ጭው ጭው» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አላስቻለኝም፤ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሰማሁት። በማግስቱ 17 ወጡ። በችኮላ ቅርፊት ልላጥላቸው አልሞከርኩም። ደሙ ሳይመጠጥ ቅርፊቱ ቢላጥ ጫጩቷ ደምታ ልትሞት ትችላለች።

ዶሮዎቹ ቶሎ ወደ እንቁላል እንዲመለሱ ብዬ ጫጩቶቹን ለየኋቸው። ለብርዱ የሠራሁት ጎኑና ክዳኑ በደረቅ ሣር የተጠቀጠቀ የእንጨት ሳጥን ነው፤ አየር እንዲገባው ቀዳዳ አለው። መብራት አይፈልግም፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ሌሊት ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ትንሽ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልዬ መሀል አስገባላቸው ነበር። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ተበታትነው፣ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ደግሞ ሞቋቸዋል። ቴርሞሜትር አልነበረኝም፤ ይሄ በቂዬ ነበር። አንዷን ብቻ ነው ያጣሁት።

የፈንግል (ዶሮን በጅምላ የሚጨርስ በሽታ) ክትባት አንድ ጠርሙስ ለብዙ መቶ ዶሮ ስለሚሆን ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተነጋግረን አንድ ላይ አስከተብን። ይሄን ማንም እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ።

ወደ መኖው ልመለስ። ከሚዛኑ በኋላ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየኋቸው። መመገቢያዬ ዝርግ ሳህን ነበር፤ እኔም እስከ አፍ ገደፉ እሞላው ነበር። አንዷ ጫጩት መሀሉ ላይ ወጥታ ቆመች። በሁለት እግሯ ወደ ኋላ ጫር ጫር ስታደርግ ዱቄቱ ከሳህኑ ውጭ ተረጨ። ሌላዋ ምንቃሯን ግራና ቀኝ እየወዘወዘች የበቆሎ ስባሪ ትፈልጋለች። ስባሪዋን ትለቅማለች፣ የላመው ወደ ውጭ ይበተናል። የሚያሳዝነው ደግሞ ፋጉሎው (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው)፣ ቫይታሚኑ ያለው እዚያው በላመው ውስጥ ነው።

ያደረግኩት ነገር ብዙ ገንዘብ አልጠየቀኝም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አስተኝቼ ጎኑ ላይ ጭንቅላታቸው ብቻ የሚገባበት ቀዳዳ ቆረጥኩ። እግር አይገባም፣ መጫር የለም። የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከጀርባቸው ጋር እኩል እንዲሆን ሸክላ ላይ አስቀመጥኩት። ይሄ ከሁሉም የበለጠ ሠርቶልኛል። ከፍታው ትክክል ሲሆን ጫጩቷ ጎንበስ ብላ አትዝቅም፤ ቀጥ ብላ ቆማ ትለቅማለች፣ ከአፏ የሚወድቀውም ተመልሶ እዚያው ይገባል። ግን እነሱ ሲያድጉ መመገቢያውም በየሳምንቱ ከፍ ማለት አለበት። አንድ ሳምንት ረሳሁት፤ ወዲያው መበተን ጀመረ።

ከሲሶ በላይም አልሞላም። ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጥቂት እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ከመጨመሬ በፊት ከጠዋት የቀረውን የላመ ዱቄት ውሃ ጠብ አድርጌ አርስቼ ለብቻው አቀርባለሁ። ተሻምተው ነው የሚጨርሱት። በግማሽ ሰዓት የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው የማረጥበው፤ ካደረ ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ ጫጩት ይገድላል። ውሃውንም ከመኖው ራቅ አደረግኩት። ድሮ ጎን ለጎን ስለነበሩ ምንቃራቸው ላይ የተጣበቀው ዱቄት ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀር ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ያንኑ ጭድ በዚያው ወንፊት ነፋሁት። ጫጩቶቹ አድገዋል፣ የሚበሉትም በእጥፍ ጨምሯል። በሦስት ቀን ጭዱ ውስጥ ያገኘሁት 70 ግራም ነበር።

አሁን ያስቸገረኝ አይጥ ነው። የመኖውን ጆንያ ከስር በስቶ አገኘሁት። ለጊዜው ጆንያውን ከመሬት አንስቼ እንጨት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ክዳን ያለው በርሜል እፈልጋለሁ።