መጀመሪያ መለካት፦ ጅማ ሆኜ ለማኑፋክቸሪንግ ሙያ እንዴት እንደተዘጋጀሁ

ማኑፋክቸሪንግ መማር የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ማሽን ነው። "ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) የት ሄደን እንልመድ?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን ለሥራ ያበቃኝ ግን ካሊፐር የሚባለው የእጅ መለኪያ፣ እርሳስና የተሰበረ የቡና መፈልፈያ አልቤሮ፣ ማለትም የሚሽከረከር ዘንግ ነው።

ጅማ ለዚህ ሙያ የታደለች ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። በመኸር ወቅት እሸት ቡና ሲደርስ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና የተሰበረ ዕቃ እየተጫነ ይመጣል። ፑሌጃ (ቺንጋ፣ ማለትም ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ)፣ አልቤሮ፣ የተበላ ዲስክ፣ ኩሽኔታው (አልቤሮውን ይዞ በቀላሉ የሚያዞረው ቀለበት) የላላበት ማቀፊያ። የተለቀመ እሸት ቡና ሳይፈለፈል ከቆየ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወርዳል። ስለዚህ የማሽኑ ባለቤት "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ አይሄድም። አጠገብሽ ቆሞ ይጠብቃል። ዕቃው ለምን እንደተሰበረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

ቴክኒክና ሙያ ስማር የትብብር ስልጠና የምንወጣበት ጊዜ ደረሰ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ትልቅ ድርጅት ፈለጉ። እኔ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ወርክሾፕ ገባሁ። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ ትልቅ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰልጣኝ አንድ ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል፣ ቶርኖ ቤት ግን በየቀኑ ሌላ ዕቃ ይመጣል። የቤቱን ባለቤት ጋሼ ነው የምላቸው። ሲጀመር ማሽን አላስነኩኝም። "ቆዪ ልጄ፣ አንቺ መጀመሪያ ለኪ" ይሉኝ ነበር። የመጣውን ሁሉ እየለካሁ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን በደብተር እስል ጀመር። ያ ደብተር ነው መሠረቴ።

ለምን ይህን ያህል በልኬት እንደማምን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 6205 የሚል ኩሽኔታ ብዙ ማሽን ላይ ታገኛላችሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዙ የውስጥ ቀዳዳው ይወጣል፤ 25 ሚሊሜትር። 6206 ከሆነ 30 ነው። ታዲያ አልቤሮው 25 ይሁን ማለት ብቻ አይበቃም። የሚሽከረከረው አልቤሮው ስለሆነ የውስጡ ቀለበት ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። አልቤሮ ምን ያህል ሊወፍር ወይም ሊቀጥን እንደሚፈቀድለት በሚያሳየው ስታንዳርድ ሰንጠረዥ ኬ6 የሚባለውን ልክ ብንወስድ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ቀለበቱ አልቤሮው ላይ ይንሸራተታል፣ ቀስ በቀስም ይበላዋል። እዚህ ላይ ካሊፐር አያስተማምንም፤ ከእሱ ይበልጥ ረቂቅ ልክ የሚያነበው ማይክሮሜትር የግድ ነው።

ሙቀትም አለ። ብረት ሲቆረጥ ይግላል። የ25 ሚሊሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 0.012 ሚሊሜትር ይሰፋል። ይህ ከ25.002 እስከ 25.015 ድረስ የተፈቀደልንን ልዩነት በሙሉ ሊበላ ምንም አይቀረው። ትኩስ እያለ ልክ የመሰለው አልቤሮ ሲበርድ ያንሳል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቁርጥ ከመቁረጥ በፊት ዕቃው ይብረድ። ባለቤቱ ቢቸኩልም ይብረድ!

ሁለተኛው ትልቅ ትምህርቴ የተሰበረውን ዕቃ እንዳለ አለመቅዳት ነው። የተሰበረበትን ፊት እዩት። አንድ በኩል ለስላሳ ሆኖ የማዕበል ዓይነት መስመር ካለው፣ ሌላው በኩል ደግሞ ሻካራ ከሆነ፣ ዕቃው በአንድ ቀን አልተሰበረም። ስንጥቁ ትንሽ ትንሽ እያለ ሄዶ የቀረው ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው ነው ያለቀለት። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚወርድበት ሹል ማዕዘን ላይ ነው። ማዕዘኑን ትንሽ ክብ ብታደርጉት ዕድሜው ይረዝማል። ክብነቱ ግን ከኩሽኔታው ጠርዝ ክብነት መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ኩሽኔታው ጥግ ድረስ አይገባም። ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ እንደሆነ፣ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውንም ጠይቁ። ይህን ሳትጠይቁ አዲስ አልቤሮ ብትሠሩ ያው ሰው ያንኑ ስብራት ይዞ ይመለሳል።

መጠየቅ ስል ደግሞ ማሽኑን የሚያሠራውን ሰው ማለቴ ነው። አፋን ኦሮሞ መቻሌ እዚህ ላይ በጣም ጠቅሞኛል። ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ፣ መቼ እንደሚግል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍሬው እየተቆረጠ ይወጣል ካለ ቡናው የሚፈለፈልበት የመፈልፈያው ክፍተት ጠብቧል። እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል ካለ ደግሞ ሰፍቷል። አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ሳይሠራ ማስተካከል ብቻ ይበቃል። ይህንን ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ገቢ የሚያሳጣ ይመስላል፤ እኔ ግን ደንበኛ የሚመጣው በዚህ ነው እላለሁ።

ሒሳቡን አትሽሹት። የሚያስፈራው ክፍል ትንሽ ነው። የመቁረጫ ፍጥነቱን በ1000 አባዝታችሁ ለፓይና ለዲያሜትሩ ብዜት ስታካፍሉ የዙሩን ቁጥር ታገኛላችሁ። ለስላሳ ብረትን በደቂቃ 30 ሜትር ብትቆርጡና ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር ቢሆን በደቂቃ ወደ 380 ዙር ነው። ማታ ማታ ደግሞ በደብተሬ ያለውን ስዕል ፍሪካድ በሚባል የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት በሌለበት ምሽት ጂ-ኮድ (ሲኤንሲ ማሽን የሚታዘዝበትን ቋንቋ) በወረቀት ላይ እጽፍ ነበር፤ ጂ00 ፈጣን ጉዞ፣ ጂ01 ቀጥታ ቁርጥ፣ ጂ02 በሰዓት አቅጣጫ ቅስት። ሲኤንሲ ፊት ስቀርብ ቋንቋው እንግዳ አልሆነብኝም።

ሲኦሲ በሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ላይ ብዙ አልቆይም። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው፤ ስዕል ማንበብና መለካት ለለመደ ሰው አይከብድም። ስለ ካይዘን፣ ማለትም ሥራንና የሥራ ቦታን በየጊዜው ስለ ማሻሻል ዘዴ ግን አንድ ነገር ልበል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በመኸር ሰሞን አንድ ኪያቤ (የብሎን መፍቻ) ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ የሰው ቡና ነው።

ለሥራ ስወዳደር ከሰርተፍኬቴ ጋር ደብተሩን ይዤ ቀረብኩ። ጠያቂዎቹ አንድ ገጽ ገልጠው "ይህ ልክ ለምን ሆነ?" አሉኝ። ቀሪው ቃለ መጠይቅ በዚያው ገጽ ላይ አለቀ። እናንተም ስዕል ስታስቀምጡ ከጎኑ ዕቃው ለምን እንደተበላሸና ምን እንደለወጣችሁ ጻፉ። ጅማ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ኪቶ ፉርዲሳ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ዲግሪ ለመቀጠልም፣ ጥገና ክፍል ለመግባትም ብታስቡ ያ ደብተር አብሯችሁ ይሂድ።

ቶርኖ ቤት የምትገቡ ሴቶች በተለይ ይህንን ስሙኝ። ሻርፕ ይውለቅ፣ ፀጉር ይታሰር፣ እጅጌ ይጠቅለል። ወንድም ሆነ ሴት፣ ማሽኑ እየዞረ ጓንት አይደረግም፣ ብረት ቅርፊትም በእጅ አይነካም። የቻኩን (የሚቆረጠውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረውን ክፍል) ቁልፍ ደግሞ ከቻኩ ላይ ሳታወጡ እጃችሁን አትልቀቁት።