ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን የሚመሰክሩ የደም ፕሮቲኖች

የስኳር በሽታ ምርመራ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በደም ውስጥ ወዳለው የስኳር መጠን ነው። ይሁንና ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ኤችቢኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ የሚለካው ስኳር የተጣበቀበትን ፕሮቲን፣ ማለትም ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ነው።

ግሉኮስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ለመግባት ኢንሱሊን አያስፈልገውም። ከገባ በኋላ ያለ ኢንዛይም እገዛ በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ካለው ቫሊን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ይጣበቃል፤ ትስስሩ መጀመሪያ ላይ ሊፈታ ቢችልም እየቆየ ይጸናና ሕዋሱ ዕድሜውን እስኪጨርስ ድረስ አይላቀቅም። ቀይ የደም ሕዋስ በአማካይ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር ሁኔታ ያሳያል፤ ለዚህም ነው ተመርማሪው ጾሞ መምጣት የማያስፈልገው። ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ የተለየ ሄሞግሎቢን ማግኘቱን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1968 አሳተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ከጠቅላላው 6.5 በመቶ መድረሱን የበሽታው መለያ አድርጎ የተቀበለው ግን በ2011 ነው።

ይህ ምርመራ በቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በብረት እጥረት ምክንያት የደም ማነስ ያለባት ሴት 6.6 በመቶ ቢወጣላት፣ ከቁጥሩ ከፊሉ የመጣው ከስኳር ሳይሆን ከብረት እጥረቱ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቀይ ሕዋሳቱ ያለጊዜያቸው የሚፈርሱበት ወይም በቅርቡ ብዙ ደም ያጣ ሰው ስኳሩ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ የወጣን ውጤት ብቻውን መተርጎም ተገቢ አይመስለኝም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ስኳር የተጣበቀበትን አልቡሚን የተባለ ሌላ የደም ፕሮቲን መለካት ይቻላል። የአልቡሚን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ሃያ ቀን ገደማ በመሆኑ የሚናገረው ስለ ቅርብ ሳምንታት ብቻ ነው፤ በቀይ ሕዋስ ችግር ባይታወክም ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ወይም ጉበት ሲታመም እሱም ይዛባል።

ሲ-ፔፕታይድ የተባለው የፕሮቲን ቁራጭ የሚመልሰው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ቆሽት ኢንሱሊንን የሚሠራው ፕሮኢንሱሊን ከተባለ ረዘም ያለ ፕሮቲን ቆርጦ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ኢንሱሊን ልክ አንድ ሲ-ፔፕታይድ ይወጣል፤ በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን ግን ይህ ስለሌለው ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። በሽታው ዓይነት አንድ ይሁን ዓይነት ሁለት ሲያጠራጥር ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩን ለመወሰን ግን አያገለግልም።

ተመራማሪዎች አሁን በአንድ የደም ናሙና በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን መለካት ችለዋል። ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው አዲፖኔክቲን ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ወደፊት በዓይነት ሁለት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በዚህ መንገድ በሽታው ከመከሰቱ ዓመታት በፊት ተጋላጮችን መለየት መቻል እውነተኛ ተስፋ ይሰጠኛል። ሆኖም የወደፊት ተጋላጭነትን መገመትና ዛሬ ያለን በሽታ ማረጋገጥ የተለያዩ ሥራዎች በመሆናቸው፣ አዲፖኔክቲኑ ዝቅ ያለ ሰው በዚያ ብቻ ታማሚ አይባልም። ምልክት የማይታይበት ሰው በሽታው አለበት የሚባለው ከመለያው በላይ የሆነ ውጤት በሌላ ምርመራ ወይም በድጋሚ ሲረጋገጥ ነው፤ ከ6.5 በመቶ በታች የሆነ ኤችቢኤዋንሲም ቢሆን በጾም ወይም ግሉኮስ ከተጠጣ በኋላ በተለካ ስኳር የተገኘን በሽታ አይሽረውም።