አራት ካርቶንና አንድ ቅል

የቸኮሌት ወተት ቅምሻውን በበዓለ ሃምሳ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ረቡዕና ዓርብ ወተት አይቀመስም፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ የቀማሽ ያለህ ያሰኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ወተት የሚቀምስ ቤተሰብ የሚገኘው የረቡዕና የዓርብ ጾም በማይጾምባቸው፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ነው።

ነገሩን ያስጀመረው የወንድሜ ሴት ልጆች ጭቅጭቅ ነበር። ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ አንድ ዓይነት የቸኮሌት ወተት ይዘው ታላቂቱ «ወፍራም ነው» ስትል ታናሺቱ «ውኃ ነው» ትላለች። ለመዳኘት ብዬ እርሱን ጨምሮ አራት ዓይነት ገዛሁ፤ አምስተኛውን በካካዎ ዱቄት፣ በስኳርና ከጎረቤት በመጣ ትኩስ ወተት ራሴ ላዘጋጅ ወሰንሁ። እኔን ጨምሮ ስድስት ቀማሾች ነበርን፤ ለእያንዳንዳችን በየዓይነቱ አንድ ሲኒ ይደርሰናል። የካርቶኖቹን ስም ግን አልጽፍም። የቀመስነው ከጥቂት ሱቆች መደርደሪያ የተነሡ ጥቂት ካርቶኖችን ነው፤ ፀሐይ ሲመታቸው ይክረሙ ጥላ ሥር ይቀመጡ አላየሁም።

የመጀመሪያው ምሽት ሙሉ በሙሉ የእኔ ስሕተት ነበር። ካርቶኖቹን ሳልነቀንቅ ከፍቼ በየሲኒው ቀዳሁ። ከአንዱ ካርቶን በመጀመሪያ የተቀዳለት ወንድሜ ከአሥር ሦስት ሲሰጥ፣ መጨረሻ የደረሳት ታናሺቱ ልጅ ለዚያው ወተት ዘጠኝ ሰጠች። ባዶውን ካርቶን ቀድጄ ብመለከት፣ የጀበና አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ሥሩ ላይ ተጋግሯል። ካካዎ እንደ ስኳር ወተት ውስጥ አይሟሟም፤ የደቀቀው ዱቄት ለጊዜው ይንሳፈፍና ቀስ በቀስ ይዘቅጣል። ይህን ለማስቀረት ብዙ አምራቾች ካራጊናን የሚባል፣ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ነገር ይጨምራሉ፤ በማሸጊያው ላይ «ኢ 407» ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው። ከመቶ አንድ እጅ በእጅጉ ያነሰ መጠን ብቻ ቢገባ እንኳ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ እንደ ሳሳ መረብ ዱቄቱን ይይዘዋል። ከአራቱ ሦስቱ ይህ ተጽፎባቸዋል፤ የዘቀጠው አራተኛው፣ ልጆቹ የተጨቃጨቁበት ነበር። ታላቂቱ መምጠጫውን እስከ ሥሩ ሰድዳ ከታች ትመጥጣለች፤ ታናሺቱ ብርጭቆ ላይ ትቀዳና የታችኛውን ካርቶኑ ውስጥ ትተወዋለች። ስለዚህ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ካርቶን በደንብ ነቅንቄ፣ ሲኒዎቹን በቁጥር ለይቼ፣ የሚቀመሱበትንም ተራ በየምሽቱ በዕጣ መደብሁ። በመካከል ለብ ባለ ውኃና በደረቅ ዳቦ አፍ እናብሳለን፤ ቆሎ ሞክረን ነበር፣ ጥርስ ውስጥ እየቀረ አስቸገረን። ሁለተኛው ምሽት በሰላም አለፈ። ጣፋጩ ቁጥር ሁለት በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጣ።

በሦስተኛው ምሽት መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ስላልሠራ ወተቱ ለብ ብሏል፤ ቀማሾቹም በአንዲት ሻማ ዙሪያ ተቀምጠው የሲኒውን ቀለም በቅጡ አያዩም። ሁለተኛ ቀን ያሸነፈው ቁጥር ሁለት አራተኛ ሆነ። እናቴ አንድ ጊዜ ፉት ብላ «ይኼማ ሽሮፕ ነው» ብላ ሲኒውን ገፋችው። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ቀለሙን ነው። አሲድነቱን በሚያለዝብ፣ አልካሊ በሚባል ነገር የታከመ ካካዎ ከተፈጥሮው ይልቅ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን ይለዝባል፤ ስለዚህ ዓይን «ብዙ ቸኮሌት አለበት» ብሎ ምላስን ሊያታልል ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ምሽት ብርሃኑም ሙቀቱም አብረው ስለተለወጡ፣ የትኛው እንዳደረገው መናገር አልቻልሁም። በማግሥቱ መብራት በርቶ ሳለ ግማሹን ከፍሪጅ አውጥቼ፣ ግማሹን ለብ አድርጌ አቀረብሁ። ለብ ያለው ቁጥር ሁለት እንደገና ወደ ታች ወረደ፤ ቀዝቃዛው ከፍ እንዳለ ቀረ። ቅዝቃዜ የጣፋጭን ስሜት ስለሚቀንስ፣ ብዙ ስኳር ያለበት ወተት ፍሪጅ ውስጥ ሳለ ልከኛ መስሎ ይሸሸጋል።

የስኳሩን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ኋላ የተጨመረ አይደለም። በ200 ሚሊ ሊትር ካርቶን ላይ 20 ግራም ቢጻፍ፣ 10 ግራም ያህሉ የወተቱ የራሱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው፤ የቀረው ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል።

አምስተኛው፣ የቤቱ ወተት፣ ከሁሉ ይበልጥ አደከመኝ። መጀመሪያ ዱቄቱን የፈላ ወተት ላይ ብበትነው ጓጎለ፤ ካካዎ ቅባት ስላለበት ቶሎ አይርስም። እናቴ አየችና «አጥሚት እንዲህ ይሠራል?» ብላ ድስቱን ተቀበለችኝ። ዱቄቱን ከስኳሩ ጋር ደባልቃ፣ በሁለት ማንኪያ ትኩስ ወተት እንደ ሊጥ አሽታ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እያቀጠነች በጠበጠችው፤ አንዲት ጉብታ እንኳ አልቀረችም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ወተት እኛ ዘንድ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለወራት ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየው የካርቶን ወተት ግን ለጥቂት ሰከንድ እስከ 135 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ይህ ልዩነት በጣዕሙ ይገለጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

የተገለጠው ሌላ ነገር ነው። ሲኒው ገና አፍንጫ ሳይደርስ ስድስታችንም አወቅነው፤ ወይራ ወይራ ይላል። ጎረቤታችን ወተቱን የላኩልን በታጠነ ቅል ነበርና፣ ቁጥር መጻፌ ከንቱ ሆነ። እናቴ አሥር ከአሥር ሰጠችው፤ ያን ነጥብ ግን ለቸኮሌት ወተቱ ነው ብዬ መዝግቤ አልያዝሁትም። በማግሥቱ ጎረቤታችንን በታጠበ፣ ባልታጠነ የብረት ድስት እንዲያልቡልኝ ብለምናቸው «ሳይታጠን? ላሟ ምን በደለችህ?» አሉኝ። አለቡልኝ እንጂ። ያለ ጢሱ የቤቱ ወተት ሦስተኛ ወጣ፤ የወደድነውም በመዓዛው ሳይሆን በስልባቦቱ ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ውዱንና ርካሹን ካርቶን ብቻ አስቀረሁ። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ሲኒ ቀርቦለት፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ሆኖ፣ የተለየውን እንዲያወጣ ጠየቅሁ። በግምት ብቻ ቢመርጡ እንኳ ከስድስት ሰው ሁለቱ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ያገኙትም ሁለት ብቻ ነበሩ። ውዱን ለይቼ አውቃለሁ ሲል የነበረው ወንድሜ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም። ስድስት ሰው ጥቂት ስለሆነ ሁለቱ ካርቶኖች አንድ ናቸው አልልም፤ ለዋጋው ልዩነት የምከፍልበት ምክንያት ግን አጣሁ።

አሁን የምገዛው ርካሹን ነው፤ ነቅንቄ፣ ከፍሪጅ አውጥቼ ጥቂት ካቆየሁት በኋላ እቀምሰዋለሁ። ታናሺቱም መነቅነቁን ለምዳለች። ታላቂቱ ግን እስካሁን ካርቶኑን ሳትነካካ መምጠጫውን ቀስ ብላ እስከ ሥሩ ትሰድዳለች።