በኦሲኒንግ ዳገት ላይ

ከኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ በሃድሰን መስመር ባቡር ወደ ሰሜን የሚሳፈር ሰው በግራ በኩል ይቀመጥ፤ የሃድሰን ወንዝ እስከ መጨረሻው አይለየውም። እኔ የሄድኩት በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ቺቨር በ1964 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ያወጣው «ዋናተኛው» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ነበር። ቺቨር ከ1961 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1982 ድረስ የኖረው በዚሁ ወንዝ ዳር ባለችው ኦሲኒንግ ነው፤ አገሩን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኔዲ ሜሪል በበጋ እሑድ ወዳጆቹ ቤት ገንዳ ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ቤቱ በየጎረቤቱ የመዋኛ ገንዳ እየዋኘ ለመግባት ይነሳል። መጀመሪያ መጠጥ እየቀዱ ይቀበሉታል። እየቆየ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ቅጠል ይረግፋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሲደርስ በሩ ተቆልፏል፤ በትከሻው ይገፋዋል፣ በመስኮት ያያል። ቤቱ ባዶ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያመኝ ግን መሃል ላይ ያለው ነው። ገንዳቸው ከሚዋኝባቸው ጎረቤቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ሃሎራን፣ በደረሰበት መከራ ማዘናቸውን ትነግረዋለች። ቤቱን መሸጡን ሰምተዋል፤ ስለ ልጆቹም የሆነ ነገር ሰምተዋል። እሱ ግን የምን መከራ ነው ይላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ማን ቤቱ ሄደ? እኛ ዘንድ እኮ መከራ ሲሰማ ከአፍ እግር ይቀድማል።

ባቡሩ ኦሲኒንግ ሊደርስ ሲል በሲንግ ሲንግ እስር ቤት ግቢ መሃል ለመሃል ያልፋል። ግራና ቀኙ ግንብ ነው። ቺቨር በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ለእስረኞች ድርሰት አስተምሯል። ከጣቢያው ወጥቼ ዳገቱን ስያያዘው ትንፋሽ አጠረኝ። ላይኛው ሰፈር ሣሩ ተስተካክሎ ታጭዷል፤ አንድ ግቢ ውስጥ ገንዳው በሸራ ተሸፍኖ ቅጠል ተኝቶበታል። ሰው የለም። የሚሰማው ከሩቅ የቅጠል መጥረጊያ ሞተር ብቻ ነበር።

እዚያ ቆሜ ሜሪላንድ ያለው ሰፈራችን መጣብኝ። ከእኛ ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን የሚያነሱልኝ አዛውንት ነበሩ። ባለቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ደጃቸው ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ ከተተከለ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ስማቸውን አልጠየቅሁም። አንድ ቀን እንኳን ቡና ጠጡ አላልኳቸውም።

ሲመሽ ወደ ጣቢያው ወርጄ ለባለቤቴ ደወልኩ። የት እንደገቡ የሚያውቅ ጎረቤት ካለ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ሄደን እንጠይቃቸው አልኳት።

«የትኛው ሰውዬ?» አለችኝ።