አንድ ጣት ክፍተት

እንግሊዝ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ውስጥ ቴክኒሻን ነኝ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ለፎርሙላ ስቱደንት ውድድር አንዲት ባለ አንድ ወንበር መኪና ይሠራሉ። ሞተሯ የ600 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። ብየዳው፣ የውሃ ቱቦው፣ ራዲያተሩ የኔ ነው።

በፈረንጆቹ 2022 መርሴዲስ ለፎርሙላ ዋን የባህሬን ሙከራ ጎኗ ሙልጭ ያለ መኪና ይዞ መጣ። ሳይድፖድ የሚሉት፣ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ራዲያተሩን የሚይዘው አካል፣ ከስቶ ከስቶ የለም ሊባል ምንም አልቀረው። ልጆቹ ፎቶውን እያጎሉ ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ማን ይመልሳቸው! መርሴዲስ ራሱ ያን ቅርፅ በ2023 ሞናኮ ላይ እንደሚጥለው ያኔ ማን አውቆ።

የኛም ቀጠነች። ውስጥ የሚገባው ዕቃ ግን አልቀጠነም። ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ ቱቦው፣ ሽቦው ያው ነው። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ጭኖ የሚመለስ ሰው ሻንጣ መሰለች። የላይኛው ቱቦ አልገባ ሲለኝ፣ በራዲያተሩና በሽፋኑ መሀል ያለውን ክፍተት የሚዘጋውን ስፖንጅ በቢላ ቆረጥኩት። ስፖንጅ አይደል? ናቅኩት።

የሙከራው ቀን ደረሰ። የውድድሩ ረጅሙ ፈተና 22 ኪሎ ሜትር ነው። መሀል ላይ ሞተር ጠፍቶ ሹፌር ይቀየራል፤ ከዚያ መልሶ መነሣት አለበት። እንደዚያው ልንሞክር ጀመርን። ስድስተኛው ዙር ላይ ላፕቶፑ 112 ዲግሪ አሳየ። አስገባናት። ትርፉ ውሃ ጣሳው ውስጥ እንደ ጀበና ይንተከተካል።

«አፉ ጠቦ ነው፣ እናስፋው» አሉ ልጆቹ። እኔም እሺ አልኩ። አየር የሚገባበትን አፍ በመጋዝ አሰፋነው። እንደገና ነዳናት። ያው 112።

አዲስ አበባ ጋራዥ ረዳት ሳለሁ፣ ሞተሩ የሚፈላበት ባለታክሲ ሲመጣ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ፋኑን የምትከበው ፕላስቲክ የታለች?»

«ተሰብራ ጣልኳት።»

«ታዲያ አየሩ በየት ይሂድልህ?»

ይቺ ትዝ ስትለኝ መብራት ይዤ ተጎነበስኩ። ጣቴን በራዲያተሩ ዳር ሰደድኩ። ከላይ እስከ ታች ያለ ከልካይ ዘለቀ። አየር ሰነፍ ነው። በእነዚያ ስስ ቆርቆሮዎች መሀል ተጨናንቆ ከሚያልፍ፣ በጎን ቀዳዳ ካገኘ ሹልክ ይላል። አፉን ስናሰፋ ሹልክ የሚለውን ነው ያበዛነው። መውጫውም ከኋላ በጭስ ማውጫው ቱቦ ግማሹ ተዘግቷል። ካልወጣ ደግሞ አዲስ አየር አይገባም። ሁላችንም ከፊት ከፊቱን ስናይ ከኋላ ዞሮ ያየ አልነበረም።

የላይኛውን የውሃ ቱቦ አሳጥሬ አዙሬ አሰርኩት። አዲስ ስፖንጅ ዙሪያውን ለጠፍኩ፤ የኋላውን መውጫ ከፈት አደረግን። ሙቀቱ 94 ላይ ረጋ። ከሹፌር ቅያሪው በኋላም በአንዴ ተነሣች።

የቀረው ያ በመጋዝ ያሰፋነው አፍ ነው። በካርቶን ለክተን ፋይበር ቆርጠን ደፈንነው። ቀለሙ ግን አልገጠመም። ውድድሩ ላይ አንድ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ጠጋኙን በጣቱ ነካ አደረገና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።