«ትንሽ ናት እኮ»

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሦስት ወር እኛ ጋ ሰነበተች። የመጣችው በየካቲት፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን ወጥቶ ዐሥር ደቂቃ የተራመደ ሰው የሐበሻ ምግብ ቤት ሳያይ አይመለስም። ሱቁም፣ ቡና ቤቱም ሞልቷል። ስለዚህ በምግብ በኩል ምንም አይጎድላትም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

በመጣች ማታ ሽሮ ሠርቼ፣ ከሱቅ የገዛሁትን እንጀራ አቀረብኩላት። ቆረሰች። ግን አልጎረሰችም። ቁራሹን በሁለት እጇ ጣቶች ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበችው። እንደ ላስቲክ ተሳበ። የጤፍ እንጀራ ሲስቡት ይቀደዳል እንጂ እንዲህ አይለጠጥም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ጤፍ አይደለም» አለችኝ።

«ጤፍ ነው እማዬ፣ ላዩ ላይ ተጽፏል።»

እንጀራው የታሸገበትን ላስቲክ አንስቼ አነበብኩት። ፊት ለፊቱ በትልቁ «የጤፍ እንጀራ» ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ጤፍ፣ ገብስ፣ ሰልፍ ራይዚንግ (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት) የስንዴ ዱቄት ይላል። ያንን እንጀራ ስንት ዓመት ስገዛ ጀርባውን አገላብጬ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቴ ግን የከፋት ገብሱ አልነበረም። «እኛስ አገራችን የገብስ አገር አይደል?» አለች። «ጤፍ ሲወደድ እንቀላቅላለን። ግን ሰው ሲመጣብን ገብስ አለበት ብለን ነው የምናቀርበው።»

ይቺ አባባሏ ሦስት ወር ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

መቀላቀሉ የመጣው በምክንያት ነው፤ እሱን አውቃለሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። በ2015 ነው በጥቂቱ የተፈቀደው። እዚህ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አይዳሆ ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይዘራል። ሆኖም ከስንዴና ከገብስ ጋር ሲተያይ አሁንም ውድ ነው። የሚጋግሩት እናቶች ከሌሊት ጀምረው ምጣድ ላይ እንደሚቆሙ፣ ትርፋቸውም እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀላቅለው ይሽጡ፣ እኔም እገዛለሁ። «ድብልቅ» ብለው በትልቁ ቢጽፉት ምን ነበረበት?

ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ግሉተን፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማት አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ሐኪሟ ስንዴና ገብስ ከከለከላት በኋላ «ተመስገን፣ እንጀራ አለልኝ» ብላ ነበር። ጤፍ ግሉተን የለውማ። ግን ሆዷ ሊሻላት አልቻለም። ለካ ስትበላ የከረመችው ገብስ ነው። እዚህ አገር ስንዴ የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ገብስ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የተቀላቀለውን ሁሉ ፊደል በፊደል ካላነበቡት ያልፋል። ሳይታሸግ በትሪ የሚቀርበው የምግብ ቤት እንጀራ ደግሞ የሚነበብ ነገር እንኳ የለውም። እዚያ ያለን የጋገረው ሰው ቃል ብቻ ነው።

እና እኔ ራሴ ልጋግር ብዬ ተነሳሁ።

ጤፉን ገዛሁ። ከጎረቤት እርሾ ለመንኩ። አቦክቼ ኩሽናው ውስጥ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ከድኜው የነበረውን ስከፍት ቡሆው እንዳስቀመጥኩት ተኝቷል። አረፋ የለው፣ ኩፍ ያለ ነገር የለው። ቢሆንም ምጣዱን ሰካሁና አሰፋሁት። አክንባሎውን ሳነሳ አንድም ዓይን አላወጣም። ልሙጥ ነው፤ መሀሉ ደግሞ ከምጣዱ ጋር ተጣብቋል። ጫፉን ይዤ ላነሳው ስል ለሁለት ተቀደደ። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ምጣዱን ነቀልኩት። ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ እንቅልፌን ትቼ የጋገርኩት ነበርና እንባዬ መጣ።

ይሄ ሁሉ በትልቅ ችግር ላይ ላለ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ግን ስደት ላይ ቀኑን የሚያበላሹት እንዲህ ያሉ ትንንሾች ናቸው። ቀይ ሽንኩርቱ ውሃው አልደርቅ ብሎ ቁሌቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሱፐርማርኬት ዶሮ ወጡ ሳይበስል ሥጋው ከአጥንቱ ይወልቃል። ቡና ስትቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮህና ጎረቤት በር ላይ ይመጣል። በመስኮት ብርድ እያስገባህ ትቆላለህ። ሁሉንም ለምደነዋል።

ያልለመድኩት የዚያን ዓርብ ነገር ነው።

ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ያን ቀን እረፍት ስለነበርኩ ከቤት ላውጣት ብዬ ወደ አንድ ምግብ ቤት ወሰድኳት። ቤቱ ያምራል። መሶቡ አለ፣ ዕጣኑ አለ። የጾም በያይነቱ አዘዝን። «ቅቤ የለበትም አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። «የጾም ነው እህቴ» አለኝ አስተናጋጁ።

ትሪው መጣ። ምስሩ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ ዙሪያውን፣ ሽሮው መሀል ላይ ይፈላል። እናቴ አማተበች። ከሽሮው ጠቅልላ ጎረሰች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ሶፍት አፏ ላይ አደረገች። ምንም አላለችም። ሽሮውን ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ኮሰረትና ኮረሪማ ያለበት ንጥር ቅቤ ነው። ሰው አይሳሳተውም።

አስተናጋጁን ጠራሁት። ወጣት ነው፤ ደንግጦ ወደ ጓዳ ገባ። አንድ ትልቅ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ትሪውን አየት አደረገና እናቴን እንዲህ አላት።

«ትንሽ ናት እኮ እማማ። ለጣዕም ያህል ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ በቃኝ» አለች። እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

ሌላ ሽሮ እናምጣ አሉ፤ አልፈለገችም። እኔም አልበላሁም። ሒሳቡን ከፈልኩ። ልጁ ምንም አላጠፋምና ጉርሻውን ተውኩለት። ቤት ስንገባ ከአገር ይዛው ከመጣችው ቆሎ አንድ እፍኝ አውጥታ በውሃ በላች። የዚያን ቀን ራቷም እሱ ነበር። ከምግብ ቤት ይዣት ወጥቼ እናቴ ቆሎ በልታ ስትተኛ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳዝን ልነግራችሁ አልችልም።

ሰውየው ክፉ ነው አልልም። ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ ሲበዛ አንድ ጭልፋ ሁለት ድስት ውስጥ ይገባል። ሽሮ ደግሞ ቅቤ ጠብ ሲልበት እንደሚጣፍጥ ሁላችንም እናውቃለን። ተሳስተን ነው ቢላት እናቴ ትመርቀው ነበር። ደሞ ለጿሚ ብቻ አይደለም፤ ወተት የሚያሳምመው ሰው አለ፣ የእንስሳ ተዋጽኦ የማይቀምስ ፈረንጅ አለ። እነዚህ ሁሉ እኛ ጋ የሚመጡት የጾም ምግባችንን አምነው ነው። የጾሙን ድስት ለብቻ፣ ጭልፋውን ለብቻ ማድረግ ይቻላል። ካልተቻለም «ዛሬ ሽሮው ቅቤ ነክቶታል» ማለት ይቻላል። እኔ ምስሩን አዝዤ እበላ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ኩሽና ገብታ የቡሆ ባልዲዬን ከፈተች። የቀረው ሊጥ እዚያው ነበር። እጇን አስገባችና አወጣች።

«በርዶታል እኮ! ምን ነካሽ? አገርሽን ረሳሽው?»

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ቡሆ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። እኔ ግን መስኮት ሥር፣ ሴራሚክ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ከመስኮቱ ወዲያ በረዶ ነው።

አዲስ አቦካች። የራሷን ጋቢ አወጣችና ባልዲውን እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። ማሞቂያው አጠገብ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ ቀዳች። ከሊጡ ትንሽ ወስዳ በፈላ ውሃ አብሲት ጣለች። እስኪወፍር አማሰለች፤ ለብ ሲል መለሰችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠራችኝ። ቡሆው ኩፍ ብሎ የባልዲው አፍ ላይ ደርሷል። ይተነፍሳል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን እሷ አሰፋችው። ከጠርዙ ጀምራ፣ እጇ ሳይቆም ወደ መሀል። ዓይኑ ከዳር ተነሳ፣ እየፈነዳ መሀሉን ሞላው። ከደነችው። ስትከፍተው ጠርዙ ራሱን ችሎ ከምጣዱ ተነስቷል። በሰፌድ አወጣችው። ሁለታችንም ቆመን፣ እንፋሎቱ ሳይወጣለት፣ በበርበሬ ብቻ በላነው።

በግንቦት ወደ አገሯ ተመለሰች። ጋቢውን ላሽግላት ስል «እሱስ ይቅር፣ ለባልዲው ነው» አለች። እርሾውም ባልዲው ሥር አለ። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አቦካሁና ጠቀለልኩት። አንዲት ሁለት እፍኝ ገብስም ጨምሬበታለሁ። እሑድ እንግዶች አሉኝ፤ እነግራቸዋለሁ።